ምላጭ ለምን ይዶለዱማል? የሚጣል ስለት ታሪክ ከቆርኪ እስከ ማይክሮስኮፕ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ምላጭ የሚሠራበት ብረት ከሰው ጸጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። ታዲያ ከሱቅ የገዛችሁት የሚጣል መላጫ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጸጉር መቁረጥ አቅቶት ቆዳችሁን መቧጨር የሚጀምረው ለምንድን ነው? የምናውቀው ጠንካራው ለስላሳውን ሲቆርጥ ነው። ለስላሳው ጠንካራውን ጎዳው ማለት ቅቤ ቢላን አዶለዶመ እንደማለት ነው እኮ!

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አጥጋቢ መልስ ያገኘው በቅርቡ፣ በ2020 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች «ምላጭ መቼ ይጣላል?» ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። አንዴ መልሱን የሰጠው ዝገት ነው፣ አንዴ ነጋዴ ነው፣ አንዴ ደግሞ ሐኪም ነው። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ያለው መላጫችሁ ዕድሜው ማለቁን እንዴት እንደምታውቁ እናያለን።

ምላጭ የማይጣልበት ዘመን

«የሚጣል ምላጭ» የሚባለው ሐሳብ ራሱ አዲስ ነው። ለረጅም ዘመን ምላጭ ማለት ወፍራም ጀርባና ስስ አፍ ያለው፣ ወደ እጀታው የሚታጠፍ ቢላ ነበር። ዋጋው ውድ ስለነበር ከአባት ለልጅ ይተላለፍ ነበር። ሲዶለዱም በሞረድ ይሳላል፤ ከመላጨት በፊት ደግሞ በቆዳ ላይ እያመላለሱ አፉን ያስተካክሉታል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ጸጉር አስተካካይ ጋ ይሄዳል። ለዚያ ዘመን ሰው «ምላጩን መቼ ልጣለው?» ማለት ዛሬ «መጥረቢያዬን መቼ ልጣለው?» እንደማለት ነው።

የዚህ ምላጭ ችግር አንድ ነበር፦ ትንሽ እጅ ከሳተ ያርዳል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ቢላ ሠሪ ስለቱ ወደ ቆዳ ጠልቆ እንዳይገባ የሚከላከል የእንጨት ሽፋን ሠራ። በ1880 ደግሞ ካምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች ኒውዮርክ ውስጥ እጀታው እንደ ዛሬው መላጫ ወደ ጎን የዞረ፣ ስለቱ በከፊል የተሸፈነ መላጫ የባለቤትነት መብት አወጡበት። ቆዳን ከመቆረጥ ይጠብቃል። ግን የእነሱም ስለት ሲዶለዱም ወልቆ መሳል ነበረበት። አደጋው ቀነሰ፣ ሥራው ግን አልቀነሰም።

ቆርኪ ሻጩና ሐሳቡ

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ሰው እንምጣ። ኪንግ ካምፕ ጊሌት በ1855 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ተወለደ። «ኪንግ» ስሙ ነው እንጂ ንጉሥ አልነበረም፤ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በአንድ ወቅት የተቀጠረው ዊልያም ፔይንተር በሚባል ሰው ድርጅት ውስጥ ነው። ፔይንተር ማን ነው? እኛ ቆርኪ የምንለውን የጠርሙስ ክዳን የፈለሰፈው ሰው ነው። ለስላሳ ስትጠጡ በመክፈቻ የምታስፈነጥሩት ያ ጥርሳም ክዳን የእሱ ሥራ ነው።

ስለ ቆርኪ ለአፍታ አስቡ። አንዴ ይከፈታል፣ ይጣላል። ጠርሙሱ ተመልሶ ይታጠባል፣ ቆርኪው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ፔይንተር ለጊሌት የሰጠው ምክርም ይኸው ነበር፦ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉት፣ ስለዚህም ደጋግመው የሚገዙት ነገር ፍጠር።

ጊሌት ይህን ምክር ይዞ ለዓመታት አሰበ። በ1895 አንድ ጠዋት ጺሙን ሊላጭ ሲል ምላጩ ከመዶልዶሙ የተነሳ በቆዳ ማስተካከያ እንኳ የሚመለስ አልሆነም፤ ወደ ባለሙያ መሄድ ነበረበት። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው። ምላጭ ውስጥ የሚሠራው ክፍል ስለቱ ብቻ ነው። የቀረው ብረት ስለቱን ከመያዝ በቀር ምን ይሠራል? ታዲያ ስለቱን ከስስ ቆርቆሮ መሰል ብረት ብንሠራው፣ መያዣውን ለብቻው ብናደርገው፣ ሲዶለዱም አውጥተን ብንጥለውስ?

ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን እዚህ ጋ ኢንጂነሪንግ የሚባለው ነገር ብቅ ይላል። ብረት ጠንካራ ስለት እንዲኖረው በጣም ሞቆ በፍጥነት መቀዝቀዝ አለበት። ወፍራም ብረት ይህን ይችላል። በጣም ስስ ብረት ግን እንዲህ ሲደረግ ይጣመማል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ጊሌት ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ያሉ ባለሙያዎችን ሳይቀር ጠየቀ፤ የተሰጠው መልስ «አይሆንም» ነበር። በርካታ ዓመታትም በሙከራ አለፉ። ጊሌት በኋላ ሲናገር፣ የቴክኒክ ትምህርት ቢኖረኝ ኖሮ ተስፋ ቆርጬ እተወው ነበር ብሏል። እኛን ኢንጂነሪንግ የተማርነውን ትንሽ ነካ የምታደርግ አባባል ናት፤ ግን እውነት አላት።

ችግሩን የፈታው ግን ሌላ መሐንዲስ ነው። ዊልያም ኒከርሰን ይባላል፤ የተማረው ደግሞ እዚያው «አይሆንም» በተባለበት ኤምአይቲ ነው። ኒከርሰን ስሱን ብረት ሳይጣመም የሚያጠነክርበትን ዘዴ አገኘ፣ የሚስሉትን ማሽኖችም ሠራ። ድርጅቱ በ1901 ተመሠረተ። በ1903፣ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ ገበያ ላይ የወጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የተሸጠው መላጫ ከ90 ሺህ አለፈ። በኅዳር 1904 የባለቤትነት መብቱ ለጊሌት ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ ዓለም ላይ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፦ ምላጭ መቼ ይጣላል?

«እጀታውን በነጻ ስጥ» የሚለው ተረት

የቢዝነስ መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ ይህን ሰምታችሁ ይሆናል፦ «ጊሌት እጀታውን በነጻ እየሰጠ ከምላጩ አተረፈ።» የፕሪንተርና የቀለም ንግድም በዚሁ ምሳሌ ይገለጻል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር የሆኑት ራንዳል ፒከር የድርጅቱን የዋጋ ታሪክ መርምረው እንዳሳዩት፣ ጊሌት የባለቤትነት መብቱ በእጁ በነበረባቸው ዓመታት መላጫውን የሚሸጠው በ5 ዶላር ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ዋጋው የወረደው መብቱ በ1921 ሲያበቃና ተፎካካሪ ሲመጣ ነው። ያኔ የድሮው ሞዴል ወደ 1 ዶላር ወረደ፣ አዲስ የተሻሻለው ደግሞ በ5 ዶላር ቀጠለ።

ምላጩን በሰፊው ያስተዋወቀው ሌላ ነገር ነው፤ ጦርነት። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የአገሪቱ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና ከ30 ሚሊዮን በላይ ምላጭ ገዛ። ምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር ሞረድና ቆዳ ይዞ ሊዞር አይችልም። ጺም ደግሞ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ፊት ላይ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል። ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ ወጣቶች በየቤታቸው ሲመለሱ ምላጭ መጣል ለምደው ነበር።

መጣሉም ራሱ ጣጣ ነበረው። ስለታም ነገር ቆሻሻ ውስጥ ቢጣል ሰው ይቆርጣል። አሜሪካ ውስጥ የተገኘው መፍትሔ አስቂኝ ነው፦ በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ መድኃኒት ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ፣ ቀጭን ቀዳዳ ይሠሩ ነበር። ያለቀው ምላጭ በዚያ ይገባና ግድግዳው ውስጥ ይወድቃል። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም! እዚያው ይቀራል። ዛሬም አሮጌ ቤት የሚያድሱ ሠራተኞች ግድግዳ ሲያፈርሱ የዛገ የምላጭ ክምር ይዘረገፍባቸዋል።

ዝገት፣ የመጀመሪያው ጠላት

የመጀመሪያዎቹ ምላጮች የተሠሩት ካርቦን ካለው ተራ ብረት ነው። ይህ ብረት ጥሩ ስለት ይወጣዋል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው ይዝጋል። አሁን ቁጥር እንመልከት። የሰው ጸጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። የአዲስ ምላጭ የስለት ጫፍ ግን የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ከጸጉር ሺህ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። በዓይን የማይታይ ትንሽ ዝገት ለሚስማር ምንም አይደለም፤ እንዲህ ለቀጠነ ጫፍ ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ምላጭ ሥራ ላይ ባይሆንም፣ እርጥብ ሆኖ ስለተቀመጠ ብቻ ይሞት ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ጎራዴ በመሥራት ከሚታወቀው ዊልኪንሰን ሶርድ ከተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው። የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ምላጭ አወጣ። ምላጩ ከቀድሞው ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል ሰው ተሻማበት። ጊሌትም በ1963 የራሱን የማይዝግ ምላጭ ይዞ ለመከተል ተገደደ። ልብ በሉ፦ ደጋግሞ በመሸጥ የሚኖር ድርጅት ቶሎ የማያልቅ ዕቃ እንዲሠራ ያስገደደው ተፎካካሪ ነው።

የማይዝግ ብረት ለምን አይዝግም? ውስጡ ክሮምየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በምላጭ ብረት ውስጥ 13 በመቶ ገደማ ነው። ክሮምየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ብረቱን የሚሸፍን እጅግ ስስ ንጣፍ ይሠራል። ይህ ንጣፍ ውሃና አየር ወደ ውስጥ ዘልቀው ብረቱን እንዳይበሉት ይከላከላል፤ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል።

እጀታውም ተጣለ

በ1970ዎቹ አጋማሽ የቆርኪው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ተገፋ። ርካሽ እስክሪብቶ በመሥራት ዓለምን ያዳረሰው ቢክ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እጀታውም ስለቱም አንድ ላይ የሆነ የፕላስቲክ መላጫ ገበያ ላይ አዋለ። የሚለይ፣ የሚፈታ፣ የሚቀየር ነገር የለም፤ ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ ይጣላል። ጊሌትም በ1976 የራሱን አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። በ1904 የሚጣለው ግራም የማይሞላ ብረት ነበር። አሁን የሚጣለው ፕላስቲክና ብረት የተጣበቁበት ዕቃ ነው። ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ መልሶ ጥቅም ላይ ማዋልም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «መቼ ይጣላል?» የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የቆሻሻም ጥያቄ ሆነ። መላጫ ሁለት ቀን ቀድሞ ወይም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ መጣሉ በሚሊዮን ሰዎች ሲባዛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተመራማሪው ጺሙን ላጨ

ዝገት ከተሸነፈ በኋላ ምላጭ ለምን ይዶለዱማል? ብዙ ሰው የሚገምተው መልስ «እያለቀ ነው» የሚል ነው፤ ልክ የጫማ ሶል ቀስ በቀስ እንደሚበላው። ጂያንሉካ ሮሺዮሊ የተባለ የኤምአይቲ ተማሪ ከፕሮፌሰር ጀም ታሳን እና ከሰይዴ ሞሃዴሴ ታሄሪ ሙሳቪ ጋር ሆኖ ይህን ሊያጣራ ተነሳ። የሙከራው መጀመሪያ ማንም የሚሠራው ነገር ነው፦ በሚጣል መላጫ የራሱን ጺም ላጨ። ከዚያ ግን ምላጩን ወስዶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠው።

ያየው ያልተጠበቀ ነበር። ስለቱ እንደ ሶል እኩል አልተበላም። ይልቅስ እዚህም እዚያም ተሸርፏል፤ አፉ እንደተነካ ሸክላ ማለት ነው። ሮሺዮሊ በዚህ አላቆመም። ማይክሮስኮፑ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የመላጫ ማሽን ሠራ፤ ከራሱና ከባልደረቦቹ ጸጉር ወስዶ በተለያየ አቅጣጫ እየቆረጠ ተመለከተ። ጸጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስለቱ ከጎኑ በቀጥታ ሲመጣበት ብረቱ ምንም አልሆነም። ጸጉሩ መታጠፍ ሲችልና ስለቱ በማዕዘን ሲገባበት ግን መሸረፉ ታየ። አንዳንዴ አንዲት ዘለላ ጸጉር ብቻ በቂ ነበረች።

ጥናቱ በነሐሴ 2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ለመሸረፍ ሦስት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። አንደኛ፣ ጸጉሩ ታጥፎ ስለቱን በማዕዘን ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ብረቱ ውስጡ ወጥ ያልሆነ መሆን አለበት። የምላጭ ብረት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት የሚባል እጅግ ጠንካራ፣ ግን ቶሎ የሚሰበር ውስጣዊ አሠራር ይይዛል። ይህ አሠራር በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በጣም ጠንካራ ክፍል ለስለስ ካለው ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ጸጉሩ ስለቱን የሚያገኘው በትክክል በዚያ ደካማ መጋጠሚያ ላይ መሆን አለበት።

ከግንብ ጋር አወዳድሩት። ወጥ የሆነ ግንብ ሲገፋ ግፊቱ ለሁሉም ይከፋፈላል። አንዱ ድንጋይ ጠንካራ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ልል ከሆነ ግን ግፊቱ መጋጠሚያው ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ቅቤው ቢላውን ያሸነፈው ጠንክሮ አይደለም፤ የቢላውን ደካማ ቦታ ስላገኘ ነው። አንዴ ከተሸረፈ ደግሞ በሽራፊው ዙሪያ ግፊት ስለሚበዛ ጉዳቱ ይስፋፋል።

ይህ አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳል። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት መላጫዎች ለምን እኩል አይቆዩም? ምክንያቱም መሸረፍ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። ጸጉር ደካማውን ቦታ የሚያገኝበት ዕድል በእያንዳንዱ መላጨት ይጨምራል፤ ግን ቀኑን ቀድሞ የሚናገር የለም።

ታዲያ መቼ እንቀይር?

የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ የሚጣል መላጫን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጫችሁበት በኋላ ቀይሩት። የሚቆጠረው መላጨቱ ነው እንጂ ቀኑ አይደለም። በየቀኑ የሚላጭ ሰው መላጫው ሳምንት ያህል ይሄድለታል። በሳምንት ሁለቴ የሚላጭ ደግሞ ሦስት ሳምንት ገደማ ሊጠቀምበት ይችላል።

አሁን ግን ሳይንሱን ስለምታውቁ፣ ቁጥሩ መነሻ እንጂ ሕግ አለመሆኑ ይገባችኋል። ጸጉራችሁ ወፍራም ከሆነ፣ የምትላጩት ሰፊ ቦታ ከሆነ፣ ወይም በደረቁ የምትላጩ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። እነዚህን ምልክቶች ተከታተሉ፦

- መላጫው ጸጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ የሚጎትት ከሆነ፤
- አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ወይም መጫን ካስፈለጋችሁ፤
- ከዚህ በፊት ያልነበረ ማቃጠል፣ መቅላት ወይም ሽፍታ ካያችሁ፤
- ዝገት ወይም ታጥቦ የማይለቅ ቆሻሻ ካለበት።

አንዱ ከታየ በቂ ነው፤ ሰባት እስኪሞላ አትጠብቁ።

ዕድሜውን ለማራዘምስ? ከመላጨታችሁ በፊት ጸጉሩን በሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አርጥቡት። ጸጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። በየመሐሉ መላጫውን እጠቡ፤ ስትጨርሱ ውሃውን አራግፋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የማይዝግ ብረትም ቢሆን ሁልጊዜ ረጥቦ ሲቀመጥ መጎዳቱ አይቀርም።

ጸጉራችሁ የተጠቀለለ ከሆነ፣ የብዙዎቻችን ደግሞ እንደዚያ ነው፣ ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከታችኋል። የተቆረጠው ጸጉር ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳ ሊገባና አንገትና አገጭ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ሊያመጣ ይችላል። የዶለዶመ ምላጭ ይህን ያባብሰዋል፤ ስለምትጫኑትና ስለምትመላለሱበት። ጸጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ ተላጩ፣ ቆዳውን ወጥራችሁ አትያዙ፣ ከሥሩ ካልጠፋም አትበሉ።

አንድ የማይታለፍ ነገር ደግሞ አለ። እስካሁን የቆጠርነው ለአንድ ሰው ነው። ለሁለተኛ ሰው የሚፈቀደው ብዛት ዜሮ ነው። ወንድምም ቢሆን፣ ጓደኛም ቢሆን። ምላጭ በዓይን የማይታይ ቁስል ይፈጥራል፤ ኤችአይቪ እንዲሁም የጉበት በሽታ የሚያመጡት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት መቆየት ይችላል። ጸጉር ቤት ስትሄዱ አዲስ ምላጭ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት ማለት ነውር የለውም። ስትጥሉም ስለቱን በወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ጠቅልሉት፤ ያንን ፌስታል ነገ በእጁ የሚያነሳ ሰው አለ።

ከዚህ በኋላስ?

የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በጥናታቸው አላበቁም። ብረቱን ውስጡ ወጥ እንዲሆን በማድረግ ቶሎ የማይሸረፍ ምላጭ ለመሥራት የሚያስችል ዘዴ ላይ የባለቤትነት መብት ጥያቄ አስገብተዋል። ነገሩን ከመጀመሪያው ጋር ስታያይዙት ደስ ይላል። ስስ ምላጭ «አይሆንም» የተባለው ኤምአይቲ ነው፣ የሠራው ሰው የተማረው ኤምአይቲ ነው፣ ለምን እንደሚበላሽ የገባቸውም እዚያው ነው።

ጊሌት የጠየቀው «እንዴት አድርጌ የሚጣል ልሥራ?» ብሎ ነበር። ዛሬ የብረት ተመራማሪዎች የሚጠይቁት «እንዴት አድርገን የማይጣል እንሥራ?» ነው። ከእናንተ መካከል ቁሳቁስ ምሕንድስና የሚማር ካለ፣ ይህ ጥያቄ ገና አልተዘጋም።